የየሺን ስፌት ማሽን ደባርቅ ለማድረስ

ጎንደር፣ ዓርብ ጎህ ሲቀድ

የጥቅምት ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ገና ሳይነጋ መኪናዬን ከግቢው በር ፊት አቁሜ የኋላ በሯን ወደ ላይ ከፈትኩ። መኪናዋ ትንሽና አሮጌ ናት፤ የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ ግን ከመጠኗ በላይ ትይዛለች። የምጭነው የባለቤቴን የየሺን የልብስ ስፌት ዕቃ ነው። ማሽኑ፣ የማሽኑ የብረት እግር፣ ጠረጴዛው፣ የከሰል ካውያ፣ ደንበኞቿ ልብስ ሲለኩ ራሳቸውን የሚያዩበት ረጅም መስታወት፣ ብትን ጨርቅ የሞላባቸው ጆንያዎች፣ ክር፣ መቀሶች።

የሺ ካረፈች ዓመት አልፏታል። ሱቋን እንደተቆለፈ አቆይቼው ነበር። አሁን አከራዩ ለሌላ ሰው ሊሰጠው ስለሆነ ዕቃው መውጣት ነበረበት።

የሚሄደው ደባርቅ፣ ዘይነባ ዘንድ ነው። ዘይነባና የሺ ልጃገረድ ሳሉ ዳባት ውስጥ ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ አብረው ሙያ የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። ለቅሶው ላይ ዘይነባ ከደባርቅ መጥታ ሰው እስኪበተን ከቤቴ አልወጣችም። ስትሄድ በር ላይ ቆማ፣ «ማሽኑን ለማታውቀው ሰው እንዳትሸጠው። እኔ እሠራበታለሁ» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ በኋላ ግን ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፤ ማሽኑም ሱቁ ውስጥ ሻሽ እንደለበሰ ቆየ።

ብዙ ዓመት እኔ ነጂ፣ የሺ ጫኝ ነበርን። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች በየከተማው ስናደርስ ዕቃውን በቦታ በቦታው የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። እኔ ሞተር አሙቄ እጠብቃታለሁ። አሁን አሠራሯን ከትዝታዬ እየለቀምኩ ጫንኩ፤ አልጥም ሲለኝ አውርጄ እንደገና ጫንኩ። በመጨረሻ የብረቱን እግር ወለሉ ላይ አጋድሜ ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ አስጠጋሁት። ማሽኑን ከተሳፋሪው ወንበር በስተኋላ መሬት አስያዝኩትና በግራ በቀኝ የጨርቅ ጆንያ ወሸቅኩለት። ወለሉ ላይ ባሉት የብረት ቀለበቶች ገመድ አሳልፌም አጠበቅኩት። መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በጎን በኩል አስደገፍኩ። ከወንበሮቹ ራስ በላይ የወጣ ነገር አልነበረም፤ በስፖኪዮው የኋላውን መንገድ ጥርት አድርጌ አየዋለሁ። መቀሶቹንና መርፌዎቹን ከፊት ባለው መሳቢያ ከትቼ ዘጋሁ። የውኃ ጠርሙሴን በሩ ላይ ባለው ኪስ ሰካሁ።

የተሳፋሪው ወንበር ባዶውን ቀረ። ተነሣሁ።

አምባ ጊዮርጊስ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ

ኮሶዬ ላይ ደመናው ከገደሉ በታች ተኝቶ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያ ቆመን ሻይ እንጠጣለን። አልቆምኩም። የወገራ ሜዳ በግራ በቀኝ ተዘርግቷል፤ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ባሕር ዛፎቹ ጭጋግ ለብሰዋል፣ ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች በመንገዱ ጠርዝ አንድ በአንድ ተሰልፈው ይሄዳሉ። ሬዲዮውን ከፈትኩት፣ መልሼ ዘጋሁት።

አምባ ጊዮርጊስ መግቢያ ላይ ጎሚስታ ዘንድ ጎራ አልኩ። ሰውየው በመኪናዋ ዙሪያ ዞሮ፣

«ኋላዋ ቁጭ ብሏል። ምን ጭነህ ነው?» አለኝ።

«ብረት።»

«የኋላ ጎማዎቹን ንፋስ ልጨምርላቸው?»

«ጨምርላቸው።»

ከተነሣሁ ጀምሮ ከሰው ጋር የተነጋገርኩት ይኸው ብቻ እንደሆነ የገባኝ እንደገና መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው። እሱም ቢሆን ስለ ጎማ ነው።

ኬላው፣ ረፋድ

ዳባት ሳይደረስ መኪኖች የሚፈተሹበት ኬላ አለ። ተራዬ ሲደርስ ፈታሹ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዕቃው ወርዶ መታየት አለበት» አለኝ። በትሕትና ነው የጠየቀኝ፤ ሥራውም ነው። ገመዱን ፈታሁ። ጆንያዎቹ ወረዱ፣ ማሽኑ ወረደ፣ እግሩ ወረደ፣ መስታወቱ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ በድንጋይ ላይ ተደገፈ። የየሺ የዕድሜ ልክ ሙያ በሙሉ አስፋልት ዳር ተዘረጋ። ከኋላዬ ካለው ሚኒባስ የወረደች ሴት መስታወቱ ፊት ቆማ ነጠላዋን አስተካከለችና፣

«ይሸጣል?» አለችኝ።

«አይሸጥም።»

«ይቅርታ፤ ለሽያጭ የወጣ መስሎኝ ነው።»

ፍተሻው ሲያልቅ መልሼ መጫን ጀመርኩ። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል፤ የሚኒባሱ ሾፌር ክላክስ ያደርጋል። ያ ሁሉ የሰው ዓይን በእኔና በየሺ ዕቃ ላይ ማረፉን አልወደድኩትም። የብረቱን እግር እንደነገሩ ገፋሁት፣ ጠረጴዛውን በላዩ ጣልኩበት፣ ጆንያዎቹን ባገኙት ቦታ ወረወርኩ። ለማሽኑ ቦታ ጠፋ። አንሥቼ ፊት፣ የተሳፋሪው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ገመዱን ጠቅልዬ ከኋላ ወረወርኩት። ውኃውን ደግሞ አንዴ ተጎንጭቼ ጠርሙሱን ከእግሬ ሥር ጣልኩት።

ሞተር ሳስነሣ መኪናዋ ጲጵ፣ ጲጵ ማለት ጀመረች። ወንበሩ ላይ ክብደት ስለተሰማት ሰው የተቀመጠ መስሏታል፤ ቀበቶ አሥሩለት ማለቷ ነው። የደህንነት ቀበቶውን ስቤ በማሽኑ ላይ አሳልፌ ቀረቀርኩት። ዝም አለች። እኔም ወደ ጎን ዞሬ አየሁት። ዓመት ሙሉ ባዶ የሄደ ወንበር ላይ የሷ የሆነ ነገር ተቀምጧል። እንዲያ ሆኖ መሄዱ ደስ አለኝ ብል አልዋሸሁም።

ዳባት ስደርስ ቆሜ ሁሉንም በሥርዓት ላስረው አስቤ ነበር። ግን የየሺ ዘመዶች አልቀው ወይም ተበትነው በዚያች ከተማ የማውቀው በር የለም። መንገዱም በሰውና በጋሪ ተጨናንቋል። ደባርቅ ቅርብ ነው አልኩና አለፍኩ።

ከወቅን አለፍ ብሎ

አንድ አዛውንት መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና እጃቸውን አነሡ። በሌላኛው እጃቸው በጨርቅ የታሰረ አገልግል ይዘዋል። ቆምኩ።

«ወዴት ነህ የኔ ጌታ?»

«ደባርቅ ነኝ።»

«እኔም ወደዚያው ነበርኩ። እግሬ አልሄድ አለኝ፤ መኪናውም ሁሉ እየሞላ ያልፈኛል።»

«አባቴ፣ ቦታ የለኝም።»

አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩ። «ከኋላ፣ ከጨርቁ ላይ ጥቅልል ብዬ እቀመጣለሁ። እኔ ምን ቦታ እፈጃለሁ?»

«እሱስ አይሆንም። ድንገት ፍሬን ብይዝ ብረቱ ይመታዎታል። የዕቃ ቦታ ነው፤ ለሰው መያዣ የለውም።»

«ይኼስ?» አሉ፣ በበትራቸው ጫፍ የፊተኛውን ወንበር እያመለከቱ።

ወደ ማሽኑ ዞርኩ። «እሱ ከባድ ነው። ለማንሣት ይቸግራል» አልኳቸው።

«ይሁን እንግዲህ። በሰላም ግባ» ብለው ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ።

በስፖኪዮ ላያቸው ፈለግሁ፤ ከኋላ የወረወርኳቸው ጆንያዎች መስኮቱን ሸፍነውታል። ከኋላ አላስቀምጥም ማለቴ ልክ ነበር። ቦታ የለኝም ማለቴ ግን ውሸት ነበር፤ ማሽኑን ማውረድ ስላልፈለግሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልሄድኩም። መንገዱ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ አለ። በግራ በኩል ጠርዙ ላይ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ከድንጋዮቹ ወዲያ ገደል ነው፣ ከገደሉ ወዲያ ሰማያዊ የሆኑ አምባዎች ተደራርበው ይታያሉ። መታጠፊያው ላይ ለማርሽ እጄን ስሰድ አንዲት ጥጃ ከቦዩ ዘላ ወጥታ መሐል አስፋልት ላይ ቆመች።

ፍሬን ያዝኩ። ማሽኑ ከቀበቶው ሾልኮ ወጣ። ቀበቶ ትከሻና ወገብ ላለው ሰው የተሠራ ነው፤ ብረት አይዝም። ፊቱን ከዳሽቦርዱ ጋር አጋጨ፣ ወደ እኔ ተገለበጠ፣ ማርሹን በያዘው ቀኝ እጄ ላይ ወደቀ። ከኋላ ደግሞ የብረቱ እግርና ጠረጴዛው ተንሸራተው የወንበሬን ጀርባ መቱት። በሕመሙ እግሬን ከፍሬኑ አንሥቼ ነበር። መኪናዋ መውረዷን ቀጠለች። ደግሜ ስረግጥ ፍሬኑ አልወርድ አለኝ።

የውኃ ጠርሙሱ ነው። ከእግሬ ሥር ተንከባልሎ ፔዳሉ ሥር ገብቷል፤ ገና ሙሉ ለመሆን ምንም ስላልቀረው እንደ ድንጋይ ደግፎ ያዘው። መሪውን ከጥጃዋ አሸሸሁ፤ ስሸሽ ወደ ጠርዙ ሄድኩ። በተረከዜ ጠርሙሱን ልገፋው ሞከርኩ፤ አልወጣም። እጄን ከማሽኑ ሥር መንጭቄ አወጣሁና የእጅ ፍሬኑን ባለኝ ጉልበት ሳብኩት። መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራታ የፊት ጎማዋ ከጠርዙ ድንጋይ ጋር ተላትሞ ቆመች።

ሞተሩ ጠፍቷል። ነፋሱ ብቻ ይሰማኛል። አዛውንቱን ከኋላ አስቀምጬአቸው ቢሆን ኖሮ ከዚያ ብረትና ከወንበሬ መካከል ነበር የሚሆኑት። መቀሶቹም መሳቢያው ውስጥ ባይሆኑ ወዴት ይበሩ እንደነበር አላውቅም። በቀኝ እጄ ጣቶች ላይ ደም ነበረ፤ የእጄ ጀርባም ወዲያው ማበጥ ጀምሯል።

የጥጃዋ ባለቤት አለንጋዋን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። በዕድሜ ከየሺ ብዙም አትርቅም።

«ተርፈሃል?»

«ተርፌያለሁ።»

«ጥጃዋም ተርፋለች» አለችና መንገዱ ዳር ተቀመጠች። እኔም ወርጄ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። ጥጃዋ መኪናዋን ታሸታለች።

ስንረጋጋ እንድታግዘኝ ለመንኳት። መጀመሪያ ጠርሙሱን አውጥቼ በሩ ኪስ ውስጥ መለስኩት። ከዚያ ከኋላ ያለውን ሁሉ አወረድን። እኔ በደህናው እጄ፣ እሷ በሁለት እጇ ይዘን የብረቱን እግር ወለሉ ላይ አስተኛነው፤ ማሽኑን ከወንበሩ ጀርባ ወለሉ ላይ ደግፈን አስቀመጥነው። ገመዱን በቀለበቶቹ አሳልፋ እንደ አህያ ጭነት በእግሯ ገፍታ አጠበቀችው። ጆንያዎቹን ዝቅ፣ መስታወቱን ወደ ጎን አደረግን። መስታወቱ አልተሰበረም። ማሽኑን ስናነሣ ግን መዘውሩ፣ ያ በእጅ የሚዞረው ክብ ብረት፣ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉን አየሁ። ላዞረው ሞከርኩ። አልዞር አለኝ።

«የማን ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«የባለቤቴ።»

«ትቆጣሃለች?»

«አይ» አልኳት።

ከዚያ መኪናዋን አዙሬ ወደ ኋላ ነዳሁ። አዛውንቱን ላመጣቸው ነው። አዝኜላቸው ነው ብል እውነቱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ያንን መንገድ ብቻዬን መጨረስ ፈርቼ ነበር።

ድንጋያቸው ላይ አገኘኋቸው።

«ተመለስህ?»

«ተመለስኩ። ይግቡ።»

«ቦታ የለኝም ብለኸኝ ነበር።»

«ነበረኝ አባቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እጄን አዩት፣ ባዶውን ወንበር አዩት፤ ምንም ሳይጠይቁ ገቡ። ቀበቶውን ሳስርላቸው ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። አገልግሉን ጭናቸው ላይ ሊይዙ ፈልገው ነበር፤ እግሮቻቸው መካከል ወለሉ ላይ እንዲያደርጉት ነገርኳቸው።

«እንቁላል ነው። ሚስቴ ጭድ ጎዝጉዛ አሰናድታው ነው። ከተሰበረብኝ እንዳልመለስ ብላኛለች።»

«ወለሉ ላይ አይወድቅም፤ የሚወድቅበት የለውም።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉና አስቀመጡት።

ስማቸው አያ ፈንታ ነው። ደባርቅ ያለችው ልጃቸው ወልዳ አራስ ሊጠይቁ መሄዳቸው ነው። ሚስታቸው አብራ ልትመጣ ነበር፤ ዶሮዎቹን ማን ይጠብቃል ብላ ቀረች።

«እርስዎ ለምን ቀርተው አልጠበቁም እንዳትለኝ፤ እኔን ከዶሮ ጋር አታምነኝም። አንድ ጊዜ ጭልፊት ሲወስድ ቆሜ አይቻለሁ። ይኸው ስንት ዘመን ትነግረኛለች።»

ሳቅሁ። ስስቅ እጄን አመመኝ።

«የአንተዋስ?» አሉኝ።

«አረፈች።»

አማተቡ። «ነፍሷን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ይኼ ዕቃ የእሷ ነው?»

«አዎ። እዚያ እርስዎ የተቀመጡበት ላይ ነበር ማሽኗ።»

አያ ፈንታ ወንበሩን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት። «ሰው ቢቀመጥበት አትከፋም ነበር» አሉ። ወቀሳ አልነበረም በድምፃቸው። እስከ ደባርቅ ድረስ በዝግታ ነዳሁ፤ እሳቸውም በየመታጠፊያው አገልግሉን በእግራቸው አቀፍ ያደርጉ ነበር።

ደባርቅ፣ ከሰዓት በኋላ

አያ ፈንታን ልጃቸው ሰፈር አውርጄ ወደ ገበያው ዞርኩ። የዘይነባ ሱቅ ጨርቅ ከሚሸጥበት መደዳ ላይ ነው፤ በሩ ላይ የተሰቀሉት ዩኒፎርሞች በደባርቅ ነፋስ ይወዛወዛሉ። ስታየኝ ከማሽኗ ተነሥታ መጣች። ሻርፗ ላይ የክር ብጥስጣሽ ነበር፤ የሺ ላይም ሁልጊዜ ይኖር ነበር።

ዕቃውን የሱቅ ጎረቤቶቿ አወረዱልኝ። ዘይነባ ማሽኑን ከጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሻሹን ገለጠች። መዘውሩን አየችው። ልታዞረው ሞከረች፤ በሌላው አቅጣጫም ሞከረች። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።

«ፊት ወንበር ላይ አስቀምጬው ነው» አልኳት። «አላሰርኩትም። ቀበቶ ብቻ። ጥጃ ገባችብኝና ፍሬን ስይዝ ወደቀ። ዓመት ሙሉ ጠብቄው፣ በአንድ ቀን መንገድ ሰበርኩት።»

ዘይነባ እጇን ከማሽኑ ላይ አነሣች።

«ጌታሁን፣ እስኪ እጅህን አሳየኝ።»

«ማሽኑ…»

«ማሽኑን አየሁት። እጅህን አሳየኝ።»

ከኋላዬ ደብቄው ነበር። አወጣሁት። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ ውኃ አስመጥታ ደሙን አጠበችው። ከነጭ ጨርቅ ላይ ቀጭን ቅዳጅ ቀዳ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጠቀለለች። ስትጠቀልል አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም፤ ያ ጥሩ ሆነልኝ፤ ፊቴን ማስተካከል አልቻልኩም ነበርና።

ከዚያ ባለቤቷ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። አጥንት አልተሰበረም፣ እስኪድን አታሠራው ተባልኩ። ከቤታቸው እንዳድር አጥብቀው ለመኑኝ። አይ ብዬ ሆቴል ያዝኩ። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ብቻ ነው የቀረን አሉኝ። በአንዱ ላይ ጃኬቴን አስቀምጬ በሌላው ተኛሁ። ከመስኮቱ ውጭ የሰሜን ተራሮች አቅጣጫ ጨልሞ፣ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ነበር። ለማን ደውዬ ደረስኩ እንደምል አሰብኩ፤ ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት።

ደባርቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ዘይነባ በማለዳ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው አስጠርታ ነበር። ሰውየው የመዘውሩን ዘንግ ፈቶ ወሰደው፤ አቃንቶ ሲመልሰው ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። ዘይት ጠብ አደረጉበት። ዘይነባ ክር ሰካች፣ ብጣሽ ጨርቅ አስገባች፣ እግሯን ፔዳሉ ላይ አሳረፈች።

ሠራ። መጀመሪያ ላይ ስፌት እየዘለለ፣ በኋላ እየተስተካከለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያንን ድምፅ ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል፤ ስሰማው የሺ የተቀመጠች እንዲመስለኝ ጠብቄ ነበር። አልመሰለኝም። ዘይነባ ትፈጥናለች፤ እንደ ዝናብ ያለማቋረጥ ነው የምትሰፋው።

እሷም አስተውላኛለች፤ አቆመች። «የእሷን አይመስልም፣ አይደል?»

«አይመስልም።»

«የሺ ቆም፣ ቆም ትል ነበር። አንድ ክንድ ትሰፋና ቆም። መምህራችን፣ ‹አንቺ ልጅ፣ ልብስ ትሰፊያለሽ ወይስ ጸሎት ታደርሻለሽ?› ይላት ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር። መቆሟን አውቃለሁ፤ ስንት ቀን ሱቋ ደጃፍ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

«ለምን ነበር የምትቆመው?» አልኳት።

ዘይነባ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ጠይቄያት አላውቅም። አንተስ?»

«እኔም አልጠየቅኋትም።»

ሁለታችንም ማሽኑን አየን። ከዚያ ደንበኛ ገባች፤ ዘይነባ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ተነሣች። እኔም ለመሄድ ተነሣሁ።

ዳባት፣ ምሳ ሰዓት

በአንድ እጅ ተኩል ቀስ ብዬ ነዳሁ። ማርሹን በመዳፌ እየገፋሁ፣ በየቁልቁለቱ ቀድሜ እያቀዘቀዝኩ። የኋላ ወንበሩን መልሼ አቁሜዋለሁ፤ ከበስተኋላው ትርፍ ጎማና ክሪክ ብቻ ነበሩ፣ እነሱም ታስረዋል። መኪናዋ ቀልላ ነፋሱ ይገፋታል።

ዳባት ላይ ራበኝ። ገበያ ስለነበረ ምግብ ቤቱ ሞልቷል፤ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ አገኘሁ። ሽሮ አዘዝኩ፤ እየፈላ መጣ። በግራ እጄ እንጀራውን ልቆርስ ብሞክር ይሸሸኛል፤ የቆረስኩትም ሽሮው ውስጥ ይሰምጣል። በታሰረው እጄ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ሰው እንዳያየኝ ወደ ግድግዳው ዞር አልኩ።

ከአጠገቤ ካለው ገበታ ሦስት ሰዎች ይበላሉ፤ አንድ ገበሬ፣ ሚስቱ፣ አንዲት አሮጊት እናት። ለገበያ እንደመጡ ከአጠገባቸው ያለው ባዶ ጆንያና አዲስ የማረሻ ብረት ይናገራል። ሰውየው ቀና ብሎ፣

«እንብላ» አለኝ።

«ብሉ፣ ይባረክላችሁ» ልል ነበር። ሁልጊዜ የሚባለው እሱ ነው።

«እሺ» አልኩት።

ለአፍታ አየኝ፤ ለወጉ ያለው ይመስለኛል። ግን ወዲያው በርጩማውን ገፋ አድርጎ ቦታ ሰጠኝ። ሚስቱ ተነሥታ ሽሮዬን አምጥታ ከነሱ ገበታ ላይ ገለበጠችው። አሮጊቷ እጄን አዩት።

«ምን መታህ ልጄ?»

«ማሽን።»

«የመኪና?»

«የልብስ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እንጀራውን በሦስት ጣታቸው ጠቅልለው፣ ሽሮውንም ከነሱ ጥብስ ጋር ቀላቅለው፣ ክንዳቸውን ዘረጉ። «እንካ።» አፌን ከፈትኩ። ስጨርስ ሁለተኛውን ይዘው እየጠበቁ ነበር።

«በቃኝ እናቴ።»

«አንድማ ያጣላል» አሉ።

በላሁ። ስለ ገብስ ዋጋ ሲያወሩ ሰማኋቸው፣ ስለ በሬያቸው እግርም ሰማሁ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ስነሣ ሦስቱም ተነሡልኝ።

ጎንደር፣ ቅዳሜ ሊመሽ ሲል

ጀምበር ሳትጠልቅ ገባሁ። ግቢው እንደተውኩት ነው። ቤቱን ከፍቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። እራት ልሠራ ብዬ ሽንኩርት አነሣሁ፤ በአንድ እጅ ሽንኩርት አይላጥም።

ወጥቼ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። እነዚህ ሰዎች ከለቅሶው በኋላ ወራት ሙሉ ምግብ እያመላለሱልኝ፣ እኔ አመሰግናለሁ እያልኩ ከደጃፍ ስመልሳቸው፣ በመጨረሻ የተዉኝ ናቸው። የቤቱ እመቤት ከፈተችልኝ።

«እጄን አሞኝ ነው» አልኳት። «እራት መሥራት አቃተኝ።»

እጄን አየችው፤ ከዚያ ፊቴን አየችው።

«ግባ» አለችኝ። «ገና ልንቀርብ ነው።»

ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁ።